የአንድ ኪሎ ዋጋ

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ፤
«የሃይድሮጅን ዋጋ፣ ኪሎው ስንት ነው?» አለኝ።
ዘይት ማርጋሪን ሆኖ፣ ረግቶ እንዲቆም
ሃይድሮጅን ይጠጣል፤ ያለሱ አይሆንም።
እስከ አምና ድረስ በሲሊንደር መጣ፣
ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ዓባይ ወርዶ ወጣ።
ዘንድሮ ግን እዚሁ፣ ቡሬ፣ በግቢያችን
ጋዙን እንሰነጥቃለን፣ በገዛ እጃችን።
ማሽኑ ተተክሏል፤ ሙከራ ላይ ነን።

ጀመርኩ።
በመጀመሪያው ረድፍ «ጋዝ» ብዬ ጻፍኩኝ፤
ለአንድ ኪሎ ሦስት ተኩል ይበላል፣ አሰላሁኝ።
ጋዙ ግን እንደ ቁጥር አንድ ቦታ አይቀመጥም፣
በቦቴ ይሳፈራል፤ ቦቴው ደግሞ አይቸኩልም።
ሹፌሩ ሽታሁን ደጀን ሲወጣ ደውሎ
«ፍሬኑ ሸተተኝ፣ ላድር ነው» ይላል። ይኸም ይደመር በኪሎ።
አበል። ጎማ። የሌሊት ዘበኛ።
አንድ ኪሎ ለካ መንገደኛ ነው እንደ እኛ።

ሁለተኛው ውሃ። ይኼ ቀላል መሰለኝ፤
ጉድጓዱ የራሳችን ነው፣ ዋጋ የለውም አሉኝ።
ከበሩ ውጪ ግን፣ ከቦኖው ፊት ለፊት
ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል ከሌሊት።
የዝብነሽ ድንጋይ አስቀምጣ በተራዋ
ወደ ቤት ገብታለች፤ ድንጋዩ ነው ወረፋዋ።
«ውሃ» ብዬ ጽፌ ዜሮ ላኖር ብል
እርሳሱ እምቢ አለ፤ ባዶ ተውኩት ለጊዜው ስል።

ሦስተኛው ኒኬል፣ የምላሹ ማፋጠኛ፣
የባንክ ተራ ጠባቂ፣ ዶላር የራበው በሽተኛ።
አራተኛው ብረቱ፣ የቱቦው ዕርጅና፤
ቢሠራም ባይሠራም ዓመት ይቆጥራልና።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ፦
ቀን ከሌት ከነደደ ወጪው ይታደላል፣
ለብዙ ኪሎ ተካፍሎ ቀልሎ ይውላል፤
ግማሽ ቀን ከተኛ ግን፣ ያው ብረት፣ ያው ዕዳ
ጥቂት ኪሎ ቤት ያርፋል፣ ሠርግ ያህል እንግዳ።

ካታሎጉ ይህን አልጻፈም።
ባለፈው ሐሙስ ሌሊት መብራት ሄደ፤
ስምንት መቶ ዲግሪ የነበረው ምድጃ በረደ።
መልሶ ለማሞቅ አንድ ቀን ሙሉ ጋዝ ነደደ፣
ከቱቦው ጫፍ ግን አንዲት ግራም አልወረደ።

ተረኛው አንሙት ነበር በዚያን ለት፣
ቴክኒክ ሳይገባ ሦስት ዓመት የቆየ ቅኔ ቤት።
ጓንቱን ሳያወልቅ፣ ጭስ ማውጫውን ሽቅብ እያየ
«ሒሳብ ሹሟ፣ ይኼ ቅኔ ነው» አለኝ፣ ሰሙን ከወርቁ እየለየ፤
«ጋዙ ሰም፣ ሃይድሮጅኑ ወርቅ፣ እሳት ነው የሚፈታው፤
ሰሙ ወዴት ይሄዳል? ያውልሽ፣ ከላይ ነው ቦታው።»

ቀና አልኩ። ምንም አይታይም።
ለአንድ ኪሎ ወርቅ ዘጠኝ ኪሎ ሰም፣
ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ ወደ ጮቄም ይሂድ ወደ ዓባይ፣ አልጠየቅነውም።
በቅኔ ቤት ማንም የሰም ዋጋ አልጠየቀ፤
ወርቁ ከተገኘ፣ «ይበል!» ተባለ፣ አለቀ።
እኔ ግን ደብተር አለኝ። አምስተኛ ረድፍ ከፈትኩ፣
«ሰም» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ መልሼ ጻፍኩ።

«የኔ እንቅልፍስ የት ገባ?» አለ አንሙት እየሳቀ።
«ደመወዝህ ውስጥ» አልኩት። ሳቁ ደረቀ።

ጠዋት ሁለት ቁጥር ይዤ ገባሁ፦
አንዱ መብራት ለማይጠፋበት አገር፣
አንዱ ለቡሬ።
ከሥር፣ በእርሳስ፣ ባዶው የውሃ ረድፍ፤ ከእሱ በታች «ሰም»።
ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ
ትንሿን ቁጥር አከበበ፣ «ይኸቺ ትሂድ ለቦርዱ» ብሎ።
ከዚያ ጣቱ ወረደ፣
«ይኼ ሰም የተባለው፣ የማሸጊያ ነው?»
«እንደሱ ነገር» አልኩ።

ስልኬ ጮኸ። ሽታሁን ነው፣ ከደጀን፦
«ፍሬኑ በረደ፣ ተነሥቻለሁ።»